ለነፍስ የተሰጠ ሰሃን አይመለስም

በጤና ጣቢያችን ኮሪደር፣ ከክትባት ማስታወቂያው ጎን፣ የፐርሲዳ ባርቡሎቪች ፎቶ ተሰቅሏል። የሰባ ሰባት ዓመት ሴት፣ በሁለት እግሯ ቀጥ ብላ ቆማ፣ ምርኩዟን ከመሬት አንስታ። ከሥሩ «ጤናማ ልማድን ዕድሜ አይገድበውም» ይላል። ጽሑፉን የመረጥኩት እኔ ነኝ። ልማዱን ያስያዝኳትም እኔው ነኝ። በዚያ ልማድ ሰው መሞቱን ግን ከፎቶው ሥር የጻፈ የለም። እኔም እስከ ዛሬ አፌን ሞልቼ ተናግሬው አላውቅም።

ስሜ ኢሊንካ ነው። የማዘጋጃ ቤቱ የቤት ለቤት ተንከባካቢ ሆኜ አሥራ ሁለት ዓመት ሠርቻለሁ። እዚህ ከሆሞልዬ ተራራ ሥር ወጣት የፈለገ ሰው ቪየና ሄዶ ይፈልግ። ለእኛ የቀሩልን ባለ ሦስት ፎቅ ቤቶች ናቸው። በራቸው ላይ ሁለት የሲሚንቶ አንበሳ፣ ውስጣቸው ከወጥ ቤት የማትወጣ አንዲት አሮጊት። ስድስት ቤት አለኝ። አጥባለሁ፣ አበስላለሁ፣ ግፊትና ስኳር እለካለሁ፣ ክኒናቸውን ከምላሳቸው ሥር ደብቀው እንዳይተፉት አፋቸውን አስከፍቼ አያለሁ። ሰዎች ደግ ይሉኛል። ደግ አይደለሁም፤ ግትር ነኝ። በዚህ ሥራ ላይ ሁለቱን ለይቶ የሚያውቅ ሰው ብዙ የለም።

ፐርሲዳ ቤት የላከችኝ ዶክተር ዞርካ ናት። «ከሰባት ማለፍ የሌለበት ስኳሯ አሥራ ዘጠኝ ገብቷል። ግራ ተረከዟ ላይ ቁስል አለ። እስከ ፋሲካ ካልደረቀ እግሯ ከጉልበቷ በታች ይቆረጣል። ሦስት ተንከባካቢ አባራለች፤ አራተኛዋ አንቺ ነሽ» አለችኝ።

ስገባ ፐርሲዳ በአሳማ ስብ ቦምቦሊኖ እየጠበሰች ነበር። የታመመ እግሯን በርጩማ ላይ ዘርግታ፣ ሳትጠራ የመጣች ድመት እንደምታይ ዞር ብላ አየችኝ።

«ማን ነሽ?»

«ኢሊንካ ነኝ እማማ። ከማዘጋጃ ቤት።»

«የዚያ የሰካራሙ ልጅ?»

«አዎ፣ የእሱ ነኝ።»

«አባትሽ ከጠዋት እስከ ማታ ራኪያ እየጠጣ ሰማንያ ሦስት ዓመት ኖረ። ማን ከለከለው? ማንም። ዶክተር አይቶ ያውቃል? አያውቅም። ቁጭ በይና ቦምቦሊኖ ብዪ፤ ክስት ብለሻል።»

«የመጣሁት ቦምቦሊኖውን ልወስድብዎት ነው።»

ሳቀች። ጥርሶቿ ሁሉ ነበሩ፣ ይህም አስደነቀኝ። «እሱንማ እናያለን» አለች።

አየን። ሁለት ወር ሙሉ አየን። ስቡን ከጓዳ ሳወጣ አበባ መትከያው ውስጥ ትደብቃለች። የፕለም ማርማላታውን ስወስድ ሌላ ብልቃጥ ከአልጋ ሥር ይወጣል። ጎመንና ፋሶሊያ ቀቅዬ ሳቀርብላት «ይኼን ለአሳማው ስጪው፤ እሱ ክፉ ነገር አላደረገም» ትለኛለች። ልጇ ሚልካ ከቪየና ደውላ በስልኩ ውስጥ ትጮሃለች፤ ፐርሲዳ ስልኩን ጠረጴዛ ላይ ገልብጣ ቦምቦሊኖዋን ትበላለች። እግሯ እንደሚቆረጥ ስነግራት «ይቆረጥ፤ አንዱ ቀድሞ ሄዶ እዚያ ቦታ ይያዝልኝ» አለች። በቁጣ ትቶ መሄድ ለሌሎቹ ሦስቱ ቀላል ነበር። እኔ እልኸኛ ነኝ። ያንን እግር ልተወው ነው? አልተወውም አልኩ።

መላው የመጣልኝ በሙታን ቅዳሜ ነው። መንደሩ ሁሉ መቃብር ላይ ነበር፤ እንደ ልማዳችን በየመቃብሩ ገበታ ተዘርግቶ፣ ሰው ለሟቹ ብሎ ለጎረቤቱ ሰሃን እያቀበለ። ፐርሲዳ ለባሏ ለትራይሎ ነፍስ ብላ የአሳማ ጥብስና አንድ ብርጭቆ ራኪያ ለአንዱ ሽማግሌ ሰጠች። ሽማግሌው «ለነፍሱ ይድረስ» ብሎ ጨለጠው። እሷም ብርጭቆው እስኪደርቅ አይኗን ሳትነቅል አየችው፤ ትራይሎ ራሱ የጠጣ ይመስል ረካች። ያን ጊዜ ነው ነገሩ ብልጭ ያለልኝ።

በማግስቱ ወጥ ቤቷ ቁጭ ብዬ፣ «እማማ፣ እዚህ የበሉት ሁሉ እዚህ ይቀራል አይደል?» አልኳት።

«ታዲያ የት ይሄዳል?»

«በስምዎ የሰጡት ግን እዚያ ይጠብቅዎታል።»

«አንቺ ቄስ ሆንሽ ወይስ ነርስ?»

«ሰው የቁም ተዝካሩን በሕይወቱ አንድ ቀን ያወጣል። እርስዎ በየቀኑ ያውጡ። ቦምቦሊኖ ሲያምርዎት ይጥበሱት፣ አይብሉት፣ ለነፍሴ ብለው ለሰው ይስጡት። የአሳማ ጥብስ ሲያምርዎት ይስጡት። እዚያ ሲሄዱ ገበታው ተዘርግቶ ያገኙታል፤ እዚህ ደግሞ በሁለት እግርዎ ይሄዳሉ።»

«ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ።»

«ታዲያ ለትራይሎ ለምን ይሰጣሉ?»

ማንኪያውን ጠረጴዛው ላይ አንዴ ዞር፣ ሁለቴ ዞር አደረገችው። ከዚያ፣ «ሰጥቼ ተቀባዩ አልፈልግም ቢልስ?» አለችኝ።

ሳቅሁ። «ለነፍስ የተሰጠ ሰሃን የመለሰ ሰው አይተው ያውቃሉ?»

«አላውቅም» አለች ቀስ ብላ። «አይመለስም። ልክ ነሽ፣ አይመለስም።» ከዚያ ተነሳች፤ ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ ምርኩዝ ስትነሳ አየኋት። ከጠበሰችው ሰባት ቦምቦሊኖ ሰባቱንም በሰሃን ደርድራ፣ ማርማላታ አፍስሳ፣ በንጹሕ ጨርቅ ሸፈነችው።

«ለክሩና ውሰጂላት» አለችኝ።

የዚህ መንደር ሰው ያልሆነ ይህን ቢሰማ ምንም አይመስለው። እኔ ግን ወንበር ፈልጌ ተቀመጥኩ። ክሩና የባሏ ወንድም ሚስት ናት። ቤቷ ከአጥሩ ወዲያ ነው፤ አንዷ ስታስነጥስ ሌላዋ ትሰማለች። አርባ አንድ ዓመት ግን አንድ ቃል አልተነጋገሩም። ፐርሲዳና ትራይሎ ቪየና ለሥራ የሄዱ ጊዜ የአራት ዓመት ልጃቸውን ራዱን ለክሩና ትተው ነበር። በጥር ልጁን ትኩሳት ያዘው። ክሩና አስተኝታው ከወንዙ ማዶ ሠርግ ሄደች። ስትመለስ ልጁን በርዶ አገኘችው፤ ብቻውን፣ እጁ ላይ ጧፍ ሳይበራ። ሞት ለማንም አይቀርም። እኛ የዚህ ተራራ ሰዎች፣ ቭላሆች፣ ግን ጧፍ ሳይዝ የሞተ ሰው እዚያም ጨለማ ውስጥ እንደሚቀመጥ ነው የምናውቀው። ያንን ደግሞ ተዝካርም ቢሆን አያበራውም። ፐርሲዳ ከቪየና ደርሳ ልጇን ስትቀብር ክሩናን አልሰደበቻትም፣ አልረገመቻትም። ዝም ብቻ አለቻት።

እናም ሰሃኑን በሁለት እጄ ይዤ በአጥሩ በኩል እየተጣደፍኩ ተሻገርኩ። ዕርቅ አመጣሁ ብዬ ነዋ። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት የሚለውን እናቴ ቀንና ሌሊት ስትደግመው አድጌ፣ በዚያች ደቂቃ ትዝም አላለኝ።

ክሩና ሰማንያ ሊሞላት ነው። ከልጇና ከምራቷ ከቬርካ ጋር ስለምትኖር ማዘጋጃ ቤቱ ተንከባካቢ አይሰጣትም፤ እኔም ለክቻት አላውቅም። በረንዳ ላይ ተቀምጣ ነበር። «ፐርሲዳ ለነፍሷ ብላ ነው» ስላት እጇን ልብሷ ላይ ጠረገችው፤ ደግማ ጠረገችው።

«ማን አልሽኝ?»

«ፐርሲዳ።»

ጨርቁን ገለጠች። አንዱን አንስታ ነከሰች፤ እያለቀሰች አላመጠች፤ ማርማላታው አገጯ ላይ ወረደ። «ለነፍሷ ይድረስ» አለች። ዞር ስል ፐርሲዳ አጥሩ ሥር ቆማለች። ከወጥ ቤት እስከ አጥሩ ሠላሳ እርምጃ ነው፤ በዚያ በቆሰለ እግር ነው የመጣችው። ክሩና ሰባተኛውን እስክትጨርስ ቆማ አየች፤ ከዚያ ተመልሳ ጎመኔን ያለ ጨው በላችልኝ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ዶክተሯም አላመነችም። ፐርሲዳ በየጠዋቱ ያማራትን ትጠብሳለች፤ እሷ አትቀምሰውም፤ እኔ አሻግራለሁ። እኔ በማልመጣበት ቀን በአጥሩ ላይ ለቬርካ ታቀብላለች። እሷ ራሷ ፋሶሊያ፣ እርጎ፣ የተቀቀለ ዶሮ። መጀመሪያ ክሩና ስትበላ ለማየት እስከ አጥሩ ትራመድ ነበር። ከዚያ ክሩና ወደ ጓሮ ስትዞር በአጥሩ ጥግ ተከትላት ትዞራለች። በሰኔ ወር በቀን ሠላሳ ደቂቃ ትራመድ ነበር፤ እኔ መጽሐፍ ላይ ያነበብኩት ሠላሳ ደቂቃ ልክ እሱ። ስኳሯ ከአሥራ ዘጠኝ ወደ አሥራ ሁለት፣ ከአሥራ ሁለት ወደ ሰባት ወረደ። ቁስሉ ደረቀ። ቀሚሷን ሁለት ጊዜ አጠበብኩላት። ዶክተር ዞርካ ሌሎቹን ተንከባካቢዎች ሰብስባ ንግግር አስደረገችኝ፤ እኔም ደረቴን ነፍቼ «የአረጋውያንን ልማድ መለወጥ የሚቻለው ከራሳቸው ልማድ በመነሳት ነው» አልኩ። አጨበጨቡልኝ። ያን ቀን ራሴን ወደድኩት፤ አሁን ሲታሰበኝ ፊቴን በጥፊ ማለት ያምረኛል።

በመስከረም ሰሃን ላደርስ ስሄድ ክሩና ውኃ ስትጠጣ አየኋት። አንድ ማሰሮ ጨረሰች፤ ወዲያው ሌላ አስቀዳች። ወገቧ ላይ ቀሚሷ ሰፍቷል። እግሯን አየሁ። ካልሲዋን አወለቅሁት። የቀኝ እግሯ አውራ ጣት ጠቁሯል።

«እማማ ክሩና፣ ይኼ ስኳር ነው። ዛሬውኑ ልለካዎት።»

«ምን ይለካል? ስኳር ከያዘኝ ስምንት ዓመቴ ነው። ክኒንም አለኝ፣ ያውልሽ መስኮቱ ላይ።»

«ያውቃሉ? እያወቁ ነው ቦምቦሊኖ የሚበሉት?»

«ለነፍስ የተሰጠ ይመለሳል እንዴ፣ ልጄ?»

እየሮጥኩ ነው ወደ ፐርሲዳ የተመለስኩት። ምስር እየለቀመች ነበር። «እማማ፣ ክሩና ስኳር አለባት። እግሯ ጠቁሯል። ከዛሬ ጀምሮ ቦምቦሊኖ የለም፤ የሚሰጡ ከሆነ አይብ ይስጡ፣ ዕንቁላል ይስጡ» አልኳት።

አንዲት ጠጠር ከምስሩ አውጥታ ወደ ጎን አደረገች። «አውቃለሁ» አለች።

«ምኑን ያውቃሉ?»

«ስኳር እንዳለባት። ስምንት ዓመቷ አይደል? ለዚህ መንደር ምን የተደበቀ ነገር አለ።»

ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ነበር የምታውቀው። እኔ ዕርቅ ተሸክሜ የሄድኩ የመሰለኝ ቀን እሷ የምትልከውን ታውቅ ነበር። ያን ቀን ከተናገረችኝ ሁሉ «ተቀባዩ አልፈልግም ቢልስ» ያለችው ብቻ የልቧ ነበር።

«ከእንግዲህ እኔ አላደርስም» አልኳት።

«ተዪው።» ተነሳች። ከመደርደሪያው የጠዋቱን ቦምቦሊኖ አውርዳ አንዱን ሙሉውን አፏ ውስጥ ከተተችው። እያየችኝ አላመጠችው። ሁለተኛውን አነሳች። «አንቺ ነሽ ያልሽኝ፤ ያማረሽን ወይ ትሰጪዋለሽ ወይ ትበዪዋለሽ አልሽኝ። ካልሰጠሁ እበላዋለሁ። እግሬ ነው፤ ይቆረጥ። ያችን ዶክተር ፎቶዬን እንዳትሰቅለው ንገሪያት።»

እዚህ ላይ እውነቱን ልናገር። ፎቶው ሊሰቀል ሁለት ሳምንት ነበር የቀረው። ሦስተኛውን ስታነሳ ሰሃኑን ከእጇ ነጥቄ ወጣሁ።

መንገድ ላይ ልሸውድ ሞከርኩ። ቦምቦሊኖውን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ በምትኩ ለሌላ ቤት የያዝኩትን አይብ አደረግሁ። ፐርሲዳ ከአጥሩ ሥር «ጨርቁን ግለጪው!» ብላ ጮኸች። ገለጥኩት። አይቡን አየች፤ ወደ ቤት ዞራ ከስብ ብልቃጡ በማንኪያ ዛቀች፤ በመስኮቱ ይታየኛል። ተመልሼ ቦምቦሊኖውን አደረግሁ።

ለቬርካ ነገርኳት። ደረቅ ልብስ እያጣጠፈች ሰማችኝ። «እናታችን ከአልጋ የምትነሳው ከዚያ ቤት ሰሃን ሲመጣላት ነው። አርባ ዓመት ስትጠብቀው የኖረችውን እኔ ከአፏ አልነጥቃትም» አለች። ለዶክተር ዞርካ ለመንገር ሁለት ጊዜ ጤና ጣቢያው ደረጃ ድረስ ሄጃለሁ። ሁለቱንም ጊዜ ስለ ሌላ ነገር አውርቼ ተመለስኩ።

የቀረኝ ክሩናን መለመን ነበር። አልጋዋ አጠገብ በርከክ ብዬ፣ «እማማ፣ ይመልሱት። አንዴ ብቻ ይመልሱት። ኃጢአቱ በእኔ ላይ ይሁን» አልኳት።

«ምን እንደምትልክልኝ የማላውቅ መሰለሽ?» አለችኝ። እንደ ልጅ ጉንጬን ዳሰሰችኝ። «የመጀመሪያውን ስነክስ ነው ያወቅሁት። ራዱ ቦምቦሊኖ ይወድ ነበር። ማርማላታው ከመሃል ሲወጣ በጣቱ እየጠረገ ነበር የሚበላው።»

«ታዲያ ለምን ይበላሉ?»

«ያን ቀን አንድ ጭፈራ ብዬ ነው የሄድኩት። አንድ ጨፍሬ ልመለስ። ሙዚቃው ጥሩ ነበር። ሦስት ጨፈርኩ።» ወደ መስኮቱ ዞረች። «አርባ አንድ ዓመት ምን ላድርግልሽ ብዬ ልጠይቃት ፈለግሁ፤ አፍ አልሰጠችኝም። አሁን ነገረችኝ። አንቺ ምን አገባሽ? አድርሺ የተባልሽውን አድርሺ።»

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይባላል። ሦስታችንም ሁሉን እያወቅን፣ አንዷ ትጠብሳለች፣ አንዷ ትሸከማለች፣ አንዷ ትበላለች። ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነብኝ። መስከረምን ጨርሼ ጥቅምትን አደረስኩ። ፎቶው ተሰቀለ፤ ከከተማ የመጡት ሰዎች እጄን ጨበጡኝ፤ ፐርሲዳ ምርኩዟን አንስታ «የእኔ ዶክተር ኢሊንካ ናት» አለች። የፐርሲዳ ስኳር ስድስት ነበር። ለጤነኛ ሰው እንኳ ጥሩ ነው።

በኅዳር መጀመሪያ የክሩና እግር እስከ ቁርጭምጭሚቷ ጠቆረ። አምቡላንስ መጣ። በቃሬዛ ላይ ሆና በጣቷ ጠራችኝ። ወደ አፏ ጎንበስ አልኩ።

«በአርባዬ ለፐርሲዳ ሰሃን ይሂድላት። ቬርካ አይደለችም፣ አንቺ ነሽ የምታደርሺው። ሙሉ አድርጊው። ከዚያም እስከ ሙት ዓመቴ በየቅዳሜው። ለቬርካ ተናዝዣለሁ።»

«እማማ፣ እሷም እኮ ስኳር አለባት።»

«አውቃለሁ» አለች። ፈገግ አለች ልበል? ከንፈሯ ደርቆ ስለነበር አልለየሁትም።

ከተማ ሆስፒታል እግሯን ከጉልበቷ በላይ ቆረጡት። በሦስተኛው ቀን ሞተች። ቬርካ ጧፍ በቦርሳዋ ይዛ ሄዳ ነበር፤ ክፍሉ ውስጥ ኦክስጅን ስላለ እሳት አይገባም ብለው በሩ ላይ መለሷት። ክሩና ነፍሷ ሲወጣ ቬርካ ያልበራ ጧፍ ጨብጣ ኮሪደር ላይ ቆማ ነበር።

ይህን ለፐርሲዳ የነገርኳት እኔ ነኝ። ጣቷን ወግቼ ደሟን እየለካሁ ነበር።

«ጧፍ ይዛለች?» አለችኝ። ሌላ ምንም አልጠየቀችም።

«አልያዘችም። አልፈቀዱም።»

የተወጋ ጣቷን በጥጥ ጥብቅ አድርጋ ያዘች። ደስታ እጠብቅ ነበር፤ ደስታ ፊቷ ላይ ባይ ኖሮ ልጠላት እችል ነበር፤ ቀላል ይሆንልኝ ነበር። የነበረው ግን ድካም ብቻ ነው፤ ከገበያ ከባድ ዕቃ ተሸክሞ ቤቱ በር ላይ ያወረደ ሰው ድካም።

«ጨለማ ውስጥ ብቻውን ነበር» አለች። «አርባ አንድ ዓመት። አሁን ሞግዚቱ መጣችለት። ድምፁን ታውቀዋለች።» ከዚያ ክኒኗን ዋጠች፣ ካፖርቷን ለበሰች፣ ሠላሳ ደቂቃዋን ተራመደች። አጥሩ ማዶ የምታየው ሰው ግን አልነበረም። መሃል መንገድ ላይ ቆማ ወዴት እንደምትዞር ስትቸገር በመስኮቱ አየኋት።

አርባው ቅዳሜ ዋለ። ቬርካ ከጠዋት ጀምራ ጠብሳ ነበር። ሰሃኑን እኔ ሞላሁት፤ ሰባት ቦምቦሊኖ፣ ላያቸው ላይ ማርማላታ፣ ጎኑ ላይ የአሳማ ጥብስ፣ አንድ ብርጭቆ ራኪያ። በአጥሩ በኩል ተሻገርኩ። ስምንት ወር ሰሃን ተሸክሜ የሄድኩበትን መንገድ ወደኋላ ስሄደው ጨርቁ ያው ነበር፤ ፐርሲዳ በመጀመሪያው ቀን ያለበሰችው ጨርቅ።

ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። «ለክሩና ነፍስ» አልኩ።

ፐርሲዳ ጨርቁን ገለጠች። አየችው። አየችኝ።

«ዛሬ ጠዋት ለክተሽኛል አይደል?»

«ለክቻለሁ።»

«ስንት ነበር?»

«ስድስት።»

«ስድስት። ከዚያ ይኼን አመጣሽልኝ።»

«እኔ አይደለሁም ያመጣሁት። ክሩና ናት።»

አሁን የሞያዬን ቃል መናገር ነበረብኝ። አይብሉት፣ ልውሰደው፣ ለድመቷ ልስጠው ማለት ነበረብኝ። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ከስንት አሮጊት እጅ ስንት ቁራሽ ነጥቄአለሁ። አልነጠቅሁም። እጄን ደረቴ ላይ አጣምሬ ቆምኩ፤ እሷ አጥር ሥር እንደምትቆመው።

አንዱን አነሳች። ከመስከረም ወዲህ ስኳር ያልነካው አፏ ሲቀምሰው ዓይኗ ተጨፈነ። «ለነፍሷ ይድረስ» አለች። በላች። ሁለተኛውን በላች። ራኪያውን ጠጣች። ስድስተኛው ላይ ትንፋሿ ከበደ፤ ላብ ግንባሯ ላይ ወጣ፤ አላቆመችም።

«ቅዳሜ ደግሞ ይመጣል?»

«በየቅዳሜው። እስከ ሙት ዓመቷ።»

«ግትር ናት» አለች። «እሷም እንደኔ ግትር ናት።»

ሰባተኛውን አንስታ ለሁለት ገመሰችው። ማርማላታው ከመሃሉ ሲወጣ በጣቷ ጠረገችው፤ ጣቷን ግን አልላሰችውም፣ ዝም ብላ አየችው። ግማሹን ወደ እኔ ገፋችው።

«ለራዱ» አለችኝ።

መለኪያው ቦርሳዬ ውስጥ ነበር፤ አላወጣሁትም። ያንን ግማሽ አንስቼ፣ «ለነፍሱ ይድረስ» ብዬ፣ ፊት ለፊቷ ተቀምጬ በላሁት። ዛሬ ሐሙስ ነው። ቬርካ ለከነገ ወዲያው ቅዳሜ ዱቄት አስፈጭታለች።